በአክሰንታችሁ፣ በቀለማችሁ ወይም በአገራችሁ ምክንያት ሥራ ላይ ስትበደሉ፦ አሜሪካ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምን እንደምታደርጉ

አንዲት የማውቃት ሴት በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። አንድም ቀን ቅሬታ ቀርቦባት አያውቅም። አዲስ ማናጀር መጣችና በሠራተኛ ስብሰባ ላይ «አንቺ ስታወሪ ማንም አይገባውም፤ አገርሽ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያወራው?» አለቻት። በሳምንቱ ከቀን ሽፍት ወደ ሌሊት ተዛወረች። ልጆቿን ከትምህርት ቤት የሚያመጣላት ሰው ጠፋ። ኤችአር (የድርጅቱ የሠራተኞች ጉዳይ ክፍል) ሄዳ ነገረቻቸው፣ «እያጣራን ነው» አሏት። ጠበቀች። እንደገና ጠየቀች፣ አሁንም «እያጣራን ነው»። እኛ ደግሞ፣ እኔም አለሁበት፣ ቡና ላይ ተቀምጠን «ታገሺ፣ እንጀራሽ ነው» አልናት። ከዓመት በላይ ቆይታ ወደሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስትደውል የሽፍቱ ጉዳይ ጊዜው አልፎበታል ተባለች። በደሉ እውነት ነው፤ ምስክርም ነበራት። ቀኑ ግን አልፏል።

ያ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ሕጉ ከኋላዋ ነበር፣ እኛ ግን አንዳችንም ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው በደሉ ከደረሰበት ቀን እንደሆነ፣ ኤችአር ጋ መሄድም ሰዓቱን እንደማያቆመው አናውቅም ነበር። ይህን መመሪያ የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያ መንገድ እንዳይቀር ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ይህ ጠበቃ ፊት ስትቀርቡ ባዶ እጃችሁን እንዳትሆኑ የሚረዳችሁ ነው።

1. መጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚሸፍናችሁ እወቁ

ዋናው ሕግ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ስለ ሥራ የሚናገረው ክፍል «ታይትል ሰቨን» ይባላል። በዘር፣ በቆዳ ቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታና በትውልድ አገር ምክንያት ሠራተኛን መበደልን ይከለክላል። ቅጥር ላይ፣ ደመወዝ ላይ፣ እድገት ላይ፣ ሽፍት ላይ፣ ስንብት ላይ ሁሉ ይሠራል። ዜጋ መሆን አይጠበቅባችሁም። ግሪን ካርድ ያለውንም፣ ጥገኝነት ጠይቆ በሥራ ፈቃድ የሚሠራውንም ይሸፍናል።

ገደቡ ምንድነው? አሠሪው 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ሊኖረው ይገባል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ተስፋ ይቆርጣል፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንሠራው ትንሽ ሱቅ፣ ትንሽ ምግብ ቤት ወይም ትንሽ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሌላ መንገድ አለ።

አንደኛው የ1866ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፤ ጠበቆች «ሴክሽን 1981» ይሉታል። ባርነት ካበቃ በኋላ ነፃ ለወጡ ጥቁሮች የወጣ ሕግ ነው፤ ዛሬም ለእኛ ይሠራል። የሠራተኛ ብዛት አይጠይቅም። በቀጥታ ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም አራት ዓመት ጊዜ አላችሁ። የሚሸፍነው ግን ዘርን ነው። «አገርህ ኢትዮጵያ ስለሆነ» የሚል ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ «ጥቁር ስለሆንክ» ወይም «ከዚያ ዘር ስለመጣህ» ከሆነ ይሠራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 ይህ ሕግ በዘር ሐረግና በጎሣ ማንነት ምክንያት የሚደርስንም በደል እንደሚጨምር ወስኗል።

ሁለተኛው መንገድ ከ4 እስከ 14 ሠራተኛ ላላቸው አሠሪዎች ነው። በትውልድ አገራችሁ ምክንያት ካልቀጠሯችሁ ወይም ካባረሯችሁ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ የስደተኞችና የሠራተኞች መብት ክፍል አለ፤ በ180 ቀን ውስጥ ለእሱ ታመለክታላችሁ።

ሦስተኛው የምትኖሩበት ስቴት ሕግ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለውም አሠሪ ይጠየቃል። ካሊፎርኒያ ከ5 ሠራተኛ ጀምሮ፣ ሲያትል ያላችሁበት የዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ከ8 ጀምሮ። ስለዚህ «ድርጅቱ ትንሽ ነው» ብላችሁ አትተዉት።

ኡበር፣ ሊፍትና ታክሲ ለምትነዱ፣ በ1099 (በኮንትራት ለሚሠራ ሰው በሚሰጠው የግብር ቅጽ) ለምትሠሩ ሁሉ፦ ታይትል ሰቨን ተቀጣሪን እንጂ በኮንትራት የሚሠራን አይሸፍንም። የ1866ቱ ሕግ ግን የሚናገረው ስለ ውል ነው፣ ስለዚህ በዘር ምክንያት ከተበደላችሁ በእሱ መሄድ ይቻላል። ደግሞም አሠሪው 1099 ስለሰጣችሁ ብቻ ኮንትራክተር ናችሁ ማለት አይደለም። ሰዓታችሁንም አሠራራችሁንም እሱ የሚወስን ከሆነ ጠበቃ ጠይቁ።

ለፌደራል መንግሥት የምትሠሩ፣ ፖስታ ቤትም ቢሆን፣ መንገዳችሁ ሌላ ነው፤ ጊዜውም በጣም አጭር። በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤታችሁን የእኩል ዕድል አማካሪ ማነጋገር አለባችሁ። አርባ አምስት ቀን ብቻ። ይህን ዛሬውኑ ያዙት።

2. መድልዎ ነው ወይስ ክፉ አለቃ ብቻ?

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ያስፈልጋል። ክፉ አለቃ መሆን ብቻውን ሕገ ወጥ አይደለም። ሁሉንም የሚጮህበት፣ ሁሉንም የሚያመናጭቅ አለቃ ባለጌ ነው እንጂ ሕግ አልጣሰም። ሕጉ የሚጠይቀው «ይህ የደረሰብኝ በዘሬ፣ በቀለሜ ወይም በአገሬ ምክንያት ነው?» የሚለውን ነው። ለማወቅ የሚረዳው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ያንኑ ሥራ የሚሠራ፣ ያንኑ ስህተት የሠራ ሌላ ሰው ምን ሆነ? አንተ አምስት ደቂቃ ዘግይተህ ማስጠንቀቂያ ሲጻፍብህ ሌላው ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ዝም ከተባለ፣ ያ ማስረጃ ነው።

በደሉ ስንብት መሆን የለበትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2024 ከሴንት ልዊስ ፖሊስ በመጣ ጉዳይ ላይ፣ ሠራተኛ ያለፈቃዱ ሲዛወር ጉዳቱ ከባድ መሆኑን ማሳየት እንደማያስፈልገው ወስኗል። ደመወዙ ባይቀነስም፣ በሥራው ሁኔታ ላይ የተወሰነ ጉዳት መድረሱ ይበቃል። የሽፍት፣ የቦታ፣ የእረፍት ቀን ለውጥ ለእኛ ሰው የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ይህ ውሳኔ ትልቅ ነው።

አክሰንት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በብዛት የምሰማው እሱን ነው። አክሰንት የትውልድ አገር ምልክት ስለሆነ በአክሰንት ምክንያት መበደል የትውልድ አገር መድልዎ ነው። አሠሪው ማምለጥ የሚችለው አነጋገራችሁ ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ መሆኑን ካሳየ ነው። «ደንበኞች አይወዱትም» አይበቃም። የደንበኛ ምርጫ በዘር ለማዳላት ሰበብ አይሆንም፤ በሽተኛው «ጥቁር ነርስ አልፈልግም» ስላለ ብቻ ድርጅቱ ጥቁር ነርሶችን ከዚያ ክፍል ማገድ አይችልም። ግን ሁልጊዜ እናሸንፋለን ማለትም አይደለም። በ1989 በሃዋይ የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ለመቀጠር በጽሑፍ ፈተና አንደኛ የወጣ የፊሊፒንስ ሰው በአክሰንቱ ምክንያት ሳይቀጠር ቀርቶ ከሶ ተሸንፏል፤ ሥራው ቀኑን ሙሉ ከሕዝብ ጋር መነጋገር ስለነበረ። እናም ሥራችሁ መኪና ማቆም፣ ዕቃ መደርደር ወይም ማጽዳት ከሆነ የአክሰንት ሰበብ በጣም ደካማ ነው። ስልክ ማንሳት ከሆነ ደግሞ ሰዎች በእርግጥ እንደሚረዷችሁ የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል፣ ለምሳሌ የደንበኛ ምስጋና ወይም ጥሩ የሥራ ግምገማ።

«እዚህ አማርኛ ማውራት ክልክል ነው» ከተባላችሁስ? በእረፍት ሰዓት ጭምር፣ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ብቻ የሚል ደንብ በመንግሥት መመሪያ ሕገ ወጥ እንደሆነ ይገመታል። ለደኅንነት ወይም ለሥራው አስፈላጊ በሆነበት ሰዓት ብቻ ማዘዝ ይችላሉ፣ ያውም ለሠራተኛው አስቀድመው ነግረው። ምሳ ላይ ከጓደኛችሁ ጋር በአማርኛ መጫወት መብታችሁ ነው።

ቀለም ከዘር ይለያል። አንድ ጥቁር አለቃ ጠቆር ያለውን ትቶ ቀላ ያለውን ለፊት ጠረጴዛ ቢመርጥ፣ ሁለቱም ጥቁር ቢሆኑም፣ የቀለም መድልዎ ነው። ፀጉርም አለ፦ ካሊፎርኒያ በ2019፣ ከዚያ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ስቴት በ2020 ሹሩባና የተፈጥሮ ፀጉርን የሚከላከል ሕግ አውጥተዋል። ሌሎችም ስቴቶች ተከትለዋል።

አንድ ደግሞ በመካከላችን ያለ፣ ልንናገረው የማንወደው ነገር አለ። አሠሪው ራሱ የአገራችን ሰው ሆኖ «ከኛ ብሔር ያልሆነ አልቀጥርም» ቢል፣ ወይም ከሌላ ብሔር የመጣችውን ሠራተኛ እየለየ ቢያንገላታ፣ ያም ሕገ ወጥ ነው። የትውልድ አገር ጥበቃው የብሔር ማንነትን ይጨምራል፤ በዳዩና ተበዳዩ ከአንድ አገር መምጣታቸውም አያድንም። አበሻ ምግብ ቤት ውስጥ የተበደለ ሰው መብቱ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ከተበደለው አያንስም።

ስድብና ማዋረድ ሲሆን ሕጉ ከባድ ወይም ተደጋጋሚ እንዲሆን ይጠይቃል። አንድ ቀን የተወረወረች ቀልድ ብዙ ጊዜ አትበቃም። በየሳምንቱ ከሆነ፣ ወይም በጣም የሚያዋርድ የዘር ስድብ ከአለቃ አፍ ከወጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

3. ያንኑ ማታ ጻፉት

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ? እዚህ አገር ደግሞ በቃል ያለ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የደረሰባችሁን ያንኑ ዕለት፣ ከመተኛታችሁ በፊት ጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንዳለ፣ በትክክል በምን ቃል እንዳለ፣ ማን እንደሰማ። «ሰደበኝ» ብላችሁ አትጻፉ፣ ስድቡን ራሱን ጻፉት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በአማርኛ ጻፉ፤ በኋላ ይተረጎማል። ዋናው በዕለቱ መጻፉ ነው።

የምትጽፉበት ነገር የራሳችሁ ይሁን። በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ወይም በሥራ ኢሜይል አታስቀምጡ፤ በተባረራችሁ ቀን ይዘጋባችኋል። ቴክስቶችን ስክሪንሾት አድርጉ። የድሮና የአዲሱን የሽፍት ሰሌዳ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ማስጠንቀቂያዎችን፣ ጥሩ የሥራ ግምገማችሁን ሰብስቡ። የሠራተኞች መመሪያ መጽሐፉን ያዙ፤ ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ የተጻፈው እዚያ ነው። የሐኪም ቤት ወይም የመንከባከቢያ ሠራተኞች ግን እባካችሁ ተጠንቀቁ፦ የታካሚ ስም ወይም መረጃ ያለበት ወረቀት ፎቶ አታንሱ፣ ቤት አትውሰዱ። ለዚያ ብቻ ሊያባርሯችሁ ይችላሉ።

ድምፅ መቅዳት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እንደ ስቴቱ ነው። ዲሲና ቨርጂኒያ ውስጥ እናንተ ራሳችሁ ያላችሁበትን ንግግር መቅዳት ይቻላል። ሜሪላንድ፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ግን ሌላው ሰው ሳይስማማ የግል ንግግር መቅዳት ወንጀል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራና አርሊንግተን የሚሠራ ሰው ሕጋቸው የተለያየ ነው ማለት ነው፤ በአንድ ባቡር ቢመላለሱም። ቢፈቀድም እንኳ የድርጅቱን ደንብ እዩ። ካልተፈቀደ ከስብሰባው በኋላ ቁጭ ብላችሁ መጻፍ ይበቃል።

ምስክሮችንም አሁኑኑ ስማቸውንና የግል ስልካቸውን ያዙ። ሰው ሥራ ይቀይራል፣ ስቴት ይቀይራል። ከዓመት በኋላ «ያ ልጅ የት ሄደ?» ማለት ይመጣል።

4. ለድርጅቱ በጽሑፍ አመልክቱ

ለሱፐርቫይዘር ኮሪደር ላይ መንገር አይበቃም። በኢሜይል ለኤችአር፣ ወይም መመሪያው ላይ ለተጻፈው ሰው ላኩ፤ ለራሳችሁ የግል ኢሜይልም ኮፒ አድርጉ። ኢሜይሉ አጭር ይሁን። ምን እንደተደረገ፣ መቼ፣ በማን፣ ምን እንዲስተካከል እንደምትፈልጉ። እና አንድ ቃል አይቅር፦ «ዲስክሪሚኔሽን»፣ መድልዎ ማለት ነው። «አለቃዬ አያከብረኝም» ብቻ ካላችሁ በኋላ ድርጅቱ «ስለ ዘር መች ተናገረ?» ይላል። «ይህ በሬስና በናሽናል ኦሪጅን ምክንያት የደረሰብኝ ዲስክሪሚኔሽን ነው ብዬ አምናለሁ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉት።

ለምን ድርጅቱ ውስጥ እናመልክት? ማዋረድና ማስጨነቅ ሲሆን፣ የቅሬታ ሥርዓት እያለ ያልተጠቀመ ሠራተኛ ጉዳዩ ሊወድቅበት ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህም ይበልጣል። ከተጻፈ ቅሬታ በኋላ የሚመጣ ብቀላ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። በቀል በአገር አቀፍ ደረጃ ለዓመታት በብዛት የሚቀርበው አቤቱታ ሆኖ ቆይቷል። የመጀመሪያው በደል ባይረጋገጥ እንኳ፣ በቅን ልቦና አመልክታችሁ ከሆነ፣ ስላመለከታችሁ ሰዓት ቢቀንሱባችሁ ወይም ቢያባርሯችሁ በበቀሉ ብቻ ልታሸንፉ ትችላላችሁ። ለጓደኛ የመሰከረም ይጠበቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 ከናሽቪል በመጣ ጉዳይ፣ ድርጅቱ ውስጥ በሚደረግ ማጣራት ተጠይቃ መልስ የሰጠች ሠራተኛ ከበቀል ጥበቃ እንዳላት ወስኗል። «እኔን አታስገቡኝ» የሚል ምስክር ካለ ይህን ንገሩት።

ካመለከታችሁ በኋላ ሥራችሁን ከወትሮው በበለጠ ጥንቃቄ ሥሩ። ሰዓት አክብሩ። ሰበብ አትስጧቸው። በንዴት «በቃ ለቅቄያለሁ» አትበሉ፤ ራስን ማሰናበት ጉዳዩን በጣም ያከብደዋል።

5. ቀኑን ቁጠሩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። የፌደራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን፣ በምሕጻር ኢኢኦሲ፣ አቤቱታችሁን የሚቀበለው በ180 ቀን ውስጥ ነው። ስቴታችሁ ወይም ከተማችሁ የራሱ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ካለው 300 ቀን ይሆናል። ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶ 300 ነው። አትላንታ ያላችሁ ግን ጆርጂያ ውስጥ ለግል ድርጅት ሠራተኛ 180 ቀን ብቻ ነው።

ምሳሌ ላስቀምጥ። ጃንዋሪ 14, 2026 ከተባረራችሁ 180ኛው ቀን ጁላይ 13 ነው፤ 300ኛው ኖቬምበር 10። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ በዓል ሁሉ ይቆጠራል። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜና እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ብቻ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል።

እያንዳንዱ ድርጊት የራሱ ሰዓት አለው። በማርች እድገት ከተከለከላችሁና በዲሴምበር ከተባረራችሁ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች እየቆጠሩ ነው። ተከታታይ ስድብና ማዋረድ ሲሆን ግን ከተከታታዩ አንዱ በጊዜው ውስጥ ከወደቀ የቀድሞዎቹም አብረው ይታያሉ። የዚያች እህታችን የሽፍት ዝውውር የወደቀው የመጀመሪያው ዓይነት ስለሆነ ነው። የኤችአር ማጣራት፣ የዩኒየን ቅሬታ፣ የአለቃ «እናስተካክለዋለን» አንዳቸውም ይህን ሰዓት አያቆሙትም። እነሱን እየጠበቃችሁ ጎን ለጎን ሂዱ።

6. ለኢኢኦሲ አቤቱታ ማቅረብ

ገንዘብ አያስከፍልም። ጠበቃም ግዴታ አይደለም። በኢኢኦሲ ድረ ገጽ ፖርታል ውስጥ አካውንት ከፍታችሁ ጥያቄ ታስገባላችሁ፣ ከዚያ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ትይዛላችሁ። ስልኩ 1-800-669-4000 ነው። እንግሊዝኛ ከከበዳችሁ ገና ሲያነሱ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በሉ፤ ልጆቻችሁን ወይም ጎረቤት አታስተርጉሙ።

እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ፖርታሉ ላይ ጥያቄ ማስገባት አቤቱታ ማቅረብ አይደለም። ከቃለ መጠይቁ በኋላ መርማሪው ጽፎ ያዘጋጀውን አቤቱታ አንብባችሁ ስትፈርሙ ነው የቀረበ የሚባለው። ቀጠሮው ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ጊዜያችሁ እያለቀ ከሆነ ይህንኑ ለይታችሁ ተናገሩ። ስትፈርሙ በጥንቃቄ አንብቡ። ዘር፣ ቀለም፣ ትውልድ አገር፣ በቀል፦ የሚመለከታችሁ ሁሉ መጠቀስ አለበት። በአቤቱታው ያልተጠቀሰ ነገር በኋላ ፍርድ ቤት ላይ ሊዘጋባችሁ ይችላል። አቤቱታውን ካቀረባችሁ በኋላ በቀል ከመጣ አቤቱታው እንዲሻሻል ጠይቁ።

አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ይነገረዋል፤ ስማችሁንም ያያል። ይህ ከከበዳችሁ ሌላ ሰው ወይም ድርጅት በእናንተ ፈንታ ሊያመለክት ይችላል። የግልግል ስምምነት (ክርክራችሁ በፍርድ ቤት ሳይሆን በግል ዳኛ ይታያል የሚል ወረቀት) ፈርማችሁ ብትቀጠሩም ለኢኢኦሲ ማመልከት አይከለከልም።

7. ከዚያ በኋላ

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀርበው ሽምግልና ነው። ነፃ ነው፣ በፈቃድ ነው፣ የተነገረው ነገር ምስጢር ሆኖ ይቀራል። ሽማግሌው አይፈርድም፤ ያስማማል። ሽምግልና ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ግን ይሉኝታን ውጭ ጥላችሁ ግቡ። ምን እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ወስኑ፦ ወደ ቀን ሽፍት መመለስ፣ የቀረ ደመወዝ፣ ማስጠንቀቂያው ከፋይል እንዲወጣ፣ ጥሩ የሥራ ማስረጃ። ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው።

ሽምግልና ካልተሳካ አሠሪው የጽሑፍ መልስ ይሰጣል። ይህን መልስ የማየት መብት አላችሁ፣ ጠይቁት። ምላሽ ለመስጠት 20 ቀን አላችሁ። ማታ ማታ የጻፋችሁት ማስታወሻ አሁን ይጠቅማል፤ «ዘግይታ ስለምትመጣ ነው» ካሉ የሰዓት መዝገባችሁን አያይዙ።

ምርመራው ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ። አድራሻ ከቀየራችሁ አሳውቁ። መጨረሻ ላይ ብዙዎቹ አቤቱታዎች «ጥሰት መኖሩን መወሰን አልቻልንም» በሚል ይዘጋሉ። ያን ደብዳቤ ያየ ሰው የተሸነፈ ይመስለዋል። አይደለም፤ አብሮት የመክሰስ መብት ይመጣል፣ ከደረሳችሁም ቀን ጀምሮ 90 ቀን ይቆጠራል። በ91ኛው ቀን ፍርድ ቤቱ አይሰማችሁም። 180 ቀን ጠብቃችሁ ምርመራው ካላለቀ ደግሞ ይህን ደብዳቤ ራሳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ጠበቃ በ90ኛው ቀን አትፈልጉ። አብዛኞቹ የሠራተኛ ጠበቆች ካሸነፉ በኋላ ከሚገኘው ድርሻ ይወስዳሉ፤ በዚህ ሕግ ያሸነፈ ሠራተኛ የጠበቃ ወጪውን ከአሠሪው ሊያስከፍል ይችላል። ካሳውን በተመለከተ የቀረ ደመወዝ ገደብ የለውም። ለሞራል ጉዳትና ለቅጣት የሚከፈለው ግን በ1991 በወጣው ሕግ ተገድቧል፦ 15 እስከ 100 ሠራተኛ ያለው ድርጅት እስከ 50,000 ዶላር፣ እስከ 200 ያለው 100,000፣ እስከ 500 ያለው 200,000፣ ከዚያ በላይ 300,000። የ1866ቱ ሕግ ይህ ጣሪያ የለበትም፤ ጉዳያችሁ የዘር ከሆነ ጠበቃችሁ ሁለቱንም እንዲያይ ንገሩት።

8. ሁለት ወረቀቶች

የመጀመሪያው ስትቀጠሩ ነው። አሠሪው «ግሪን ካርድህን አምጣ» ብሎ ማዘዝ አይችልም። ሕጋዊ ከሆኑት ዝርዝር ውስጥ የትኛውን ሰነድ እንደምታቀርቡ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ብዙ ሰው መንጃ ፈቃድና ገደብ የሌለበት ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ይዞ ይጨርሳል። አክሰንታችሁን ሰምቶ ተጨማሪ ወረቀት የሚጠይቅ ካለ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴሩ ክፍል በ1-800-255-7688 ደውሉ። ስማችሁን ሳትናገሩ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ አስተርጓሚ አላቸው። አንዳንዴ እነሱ ራሳቸው ለአሠሪው ደውለው በቀናት ውስጥ ያስተካክሉታል።

ሁለተኛው ስትወጡ ነው። ጠርተዋችሁ «ሥራህ አብቅቷል፤ ይህን ከፈረምክ የስድስት ሳምንት ደመወዝ እንሰጥሃለን» ይላሉ። ወረቀቱ ውስጥ ክስ የማቅረብ መብታችሁን እየሸጣችሁ ነው። እዚያው አትፈርሙ። «ወስጄ ላንብበው» በሉ፤ ይህን ማለት ብልግና አይደለም። ጠበቃ ያንብበው፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ከፍ ያደርገዋል። ብትፈርሙም እንኳ ለኢኢኦሲ የማመልከት መብታችሁን ሊወስዱባችሁ አይችሉም፤ የካሳውን ገንዘብ ግን ልታጡ ትችላላችሁ። ከቢሮው እንደወጣችሁ የሥራ አጥ ድጎማ አመልክቱ፣ ቀኑንም ካላንደር ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ 180 ወይም 300 ቆጥራችሁ የመጨረሻውን ቀን በቀይ ክበቡት።